ከዜማ የሚወጣው ማን ነው?

ጥር 14፣ ማክሰኞ

ይህን ደብተር የገዛሁት የተማሪዎች ውጤት ልመዘግብበት ነበር። ዛሬ ግን ከውጤት የሚበልጥ ነገር ስለተፈጠረ ለራሴ ወስጄዋለሁ።

ምክትል ርዕሰ መምህሩ አላምረው ቢሮው ጠርቶ ደብዳቤ ሰጠኝ። ትምህርት ቤታችን የካቲት 30 ሃምሳኛ ዓመቱን ያከብራል፣ በበዓሉ ላይ የሠራተኞች ኅብረ ዝማሬ ያቀርባል፣ አስተባባሪው መምህር ይሁኔ ነው ይላል። ለምን እኔን እንደመረጠ ስጠይቀው "ከሦስት ዓመት በፊት ተመድበህ ስትመጣ በሞላኸው ቅጽ ላይ፣ ልዩ ተሰጥኦ በሚለው ቦታ፣ መዝፈን ብለህ ጽፈሃል" አለኝ። ያንን ቅጽ ማንም ያነበዋል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ደስታዬ እንዳይታወቅብኝ ትንሽ አጉረመረምኩ። የጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜዬ ብዙ ነው፣ ፈተና ደርሷል ምናምን። አላምረው "እንግዲያው ለሌላ ሰው እንስጠው" ሲል ደብዳቤውን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

ቀኑ አይገፋም። ዘንድሮ ዐቢይ ጾምና ረመዳን ተያይዘው ነው የሚገቡት፣ ከበዓሉ በኋላ ባለው ሰኞ። ከዚያ ወዲያ በቆቦ ከበሮ የሚመታ የለም።

ጥር 17፣ ዓርብ

የመጀመሪያው ልምምድ። ቦታው ቤተ ሙከራው ነው፤ ቆርቆሮው ቀኑን ሙሉ ሲግል ውሎ አሥራ አንድ ሰዓት ላይም ገና አልበረደም። አሥራ አንድ ሰው መጣ፣ ከእኔ ጋር አሥራ ሁለት።

ዋና ዋናዎቹን ልጻፍ። እትዬ ከፈለች የጽዳት ሠራተኛችን ናት፤ እሷ አውጪ ናት፣ ማለትም ስንኙን ታወጣለች፣ እኛ እንቀበላለን። ሠርግ ሲሆን ከጎብዬ እስከ ሮቢት የምትጠራው እሷ ናት። ጋሽ አሕመዲን የንብረት ክፍል ሠራተኛ ናቸው፤ ከበሮውን የሚመቱት እሳቸው ናቸው፣ እንደዚያ ካለ ቀጭን ሰው እንደዚያ ያለ ወፍራም ድምፅ ከየት እንደሚወጣ አላውቅም። ነጃት የእንግሊዝኛ መምህርት ናት፣ የሮቢት ልጅ፣ ነገር የማታስረዝም። ትግሉ የስፖርት መምህር ነው፤ ፊሽካውን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ መጣ። የቀሩት ሰባቱ ከመምህራንና ከቢሮ የተውጣጡ ናቸው።

ግጥሙን እኔ ነኝ የጻፍኩት። "የዕውቀት ብርሃን ፈንጣቂ፣ የትውልድ ሐናፂ" ብሎ ይጀምራል። እትዬ ከፈለች ወረቀቱን ሁለቴ አንብባ "መምህርዬ፣ ይሄ ደብዳቤ ነው እንጂ ዘፈን አይደለም" አለችና እዚያው ቆማ የራሷን አወጣች።

ከማሽላው እሸት ሥር ፊደል የቆጠርን፣
ሃምሳ ዓመት ሞላሽ ወይ፣ እኛ ልጆች ሳለን።

ሰው ሁሉ ወደደው። እኔም ትንሽ ቅር ካለኝ በኋላ ወደድኩት።

አንድ ነገር ግን አስቸገረችኝ። መጨረሻ ላይ፣ በር ላይ ቆሞ ያይ የነበረውን ዘበኛውን ከበደን በስሙ የሚጠራ ስንኝ ጨምራ ወደ ሰልፉ አስገባችው። "ከሰልፉ ውጭ የቆመ ሰው እያለ ዘፈን አይዘጋም፤ በእኛ ዘንድ ነውር ነው" አለች። የተፈቀደልን አራት ደቂቃ ነው። ስንኙን ከወረቀቱ ላይ ሰረዝኩት። እሷ እርሳሴን አየችው።

ስንዘፍን ምን ያህል ደስ እንዳለኝ ለዚህ ደብተር ብቻ ነው የምናገረው። ሦስት ዓመት ቆቦ ስኖር ከሰው መሃል ትከሻ ለትከሻ የቆምኩት ዛሬ ነው።

ጥር 20፣ ሰኞ

ሁለተኛ ልምምድ። አላምረው መጥቶ ሰዓት ያዘልን። ሦስት ደቂቃ ከሃምሳ። ሲወጣ ወደ ኮሪደሩ ጠራኝና ጣሪያውን እያየ "ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው። አንድ ድምፅ ግን አለ፣ ከዜማ የሚወጣ። እሱን ፈልገህ አስተካክል" አለኝ።

ማን ነው ብዬ ብጠይቀው ስልኩን አነሳ። ስልኩ ሲጮህ ግን አልሰማሁም።

ጥር 23፣ ሐሙስ

ፍለጋ ጀምሬያለሁ። ዘዴው ቀላል ነው፤ እየዘፈንኩ ከእያንዳንዱ ሰው አጠገብ እየቆምኩ ጆሮዬን እጥላለሁ። ከነጃት አጠገብ ቆምኩ፤ የሆነ ነገር ይጎትታል። ከጋሽ አሕመዲን አጠገብ ቆምኩ፤ እዚያም አለ። ከሒሳብ ሠራተኛዋ አጠገብ፣ ከባዮሎጂው አጠገብ፣ ከትግሉ አጠገብ፤ በሁሉም ዘንድ አለ።

ከማንም አጠገብ ብቆም ችግሩ እዚያው ነው። ስለዚህ ችግሩ የብዙዎች መሆን አለበት። ከዚህ የባሰ ዜና የለም።

ጥር 25፣ ቅዳሜ

ቸኩያለሁ። ልምምድ ደህና ነበር። ተማሪዎች በመስኮት በኩል ሲያልፉ አንዱ "ጂኦግራፊ ገብቷል፣ ኑ እንሂድ" ሲል ሰማሁ። ተማሪ እንደዚህ ሲያከብር ደስ ይላል። ሌሎች መምህራን ሲኖሩ አይሄዱም፣ ተደግፈው ያዳምጣሉ።

የከበሮው ጠፍር ላልቷል። ለጋሽ አሕመዲን መንገር።

ጥር 28፣ ማክሰኞ

የአስረኛ ክፍልን ፈተና እየጠበቅሁ ነው የምጽፈው። አርባ ስድስት ልጅ ስለ ስምጥ ሸለቆ ያስባል፣ እኔ ስለ ድምፅ።

አባቴ የድጓ መምህር ነው፣ ሞጣ አካባቢ። ሦስቱን ወንድሞቼን ዜማ አስተምሯል። እኔን ግን ጧፍ አስያዘኝ። ለምን ብዬ ስጠይቀው "ያንተ ዓይን ጎበዝ ነው፣ አንተ መጽሐፉን አብራልን" ይለኝ ነበር። ድምፄን ለሌላ ጊዜ እያቆየልኝ ነው ብዬ አስብ ነበር። አሥራ አራት ዓመት ሲሆነኝ አንድ ቀን አልቻልኩም፤ መምህራኑ ሲያዜሙ እኔም ከነጧፌ አብሬ ለቀቅሁት። ሁሉም በአንድ ጊዜ ዞረው አዩኝ። አንዱ አዛውንት በአፋቸው ላይ ነጠላቸውን አደረጉ። በጣም ተነክተው ነበር። አባቴ ቀስ ብሎ "ልጄ፣ ጧፉን ከፍ አርገህ ያዝ" አለኝ።

ከዚያ በኋላ ከሰው ጋር አልዘፈንኩም። ብቻዬን፣ ገላዬን ስታጠብ፣ አዎ። አሁን ግን ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው፤ ደብዳቤ አለኝ፣ ማኅተም ያለበት። ይህ ነገር እንዳይበላሽብኝ እፈልጋለሁ። እንዲህ የፈለግሁት ነገር የለም።

አንድ ልጅ ሲኮርጅ አየሁት። ልሂድ።

የካቲት 2፣ ቅዳሜ

ትግሉ ነው።

ማስረጃ አለኝ። አንደኛ፣ ቀኑን ሙሉ ፊሽካ ሲነፋና ሲጮህ የሚውል ሰው ጉሮሮው ደህና አይሆንም። ሁለተኛ፣ ስንዘፍን በተደጋጋሚ ወደ እኔ ያያል፣ የጥፋተኛ አስተያየት ነው። ሦስተኛ፣ ሌላ ሰው ማሰብ አልቻልኩም።

ከልምምድ በኋላ ለብቻው ጠራሁት። በሰው ፊት እንዳላዋርደው ተጠንቅቄአለሁ። "ትግሉ፣ የበዓሉን ወንበር የሚያዘጋጅ ታማኝ ሰው እንፈልጋለን። አንተ ከሰልፉ ወጥተህ እሱን ብትይዝልን" አልኩት።

"ድምፄ ነው?" አለ።

"ትንሽ ከዜማ ይወጣል" አልኩት።

ጋሽ አሕመዲን ከበሮውን እየሸፈኑ ነበር፤ እጃቸው ቆመ። ትግሉ ወደ እሳቸው አየ፣ እሳቸው ወደ መሬት አዩ። ከዚያ ትግሉ "እሺ መምህር። ወንበሩን እኔ አያለሁ" ብሎ ፊሽካውን ከአንገቱ አውልቆ ኪሱ ከተተው። ለምን እንዳወለቀው አልገባኝም።

በጎ ሠራሁ ብዬ ነው ወደ ቤት የመጣሁት። ምሳዬ ግን አልበላልኝም።

የካቲት 5፣ ማክሰኞ

ያለ ትግሉ የመጀመሪያው ልምምድ። አላምረው በበሩ አንገቱን አስገብቶ ሰማ። ጭንቅላቱን ነቀነቀ፣ ጣሪያውን አየ፣ ሄደ።

ድምፁ አሁንም አለ። ምናልባት ትግሉ ሌሎችን አስለምዶ ሄዷል።

ነጃት ስንበተን ቀረበችና "ይሁኔ፣ አንድ ቀን አንተ ውጭ ቆመህ ብትሰማን ምን ይመስልሃል?" አለችኝ። አስተባባሪ ሰልፉን ጥሎ አይወጣም አልኳት። "እንደሱ ነው እንዴ" አለችና ቦርሳዋን አነሳች። እትዬ ከፈለች ከኋላዋ "ተይው ልጄ፣ ተይው" ስትል ሰማሁ። ምኑን እንደምትተው አላውቅም።

የካቲት 8፣ ዓርብ

ደስ የሚል ቀን። ስብሰባ ስለነበረብኝ ሩብ ሰዓት ዘግይቼ ስደርስ ቤተ ሙከራው ውስጥ ጀምረው ነበር። በሩ ጋ ቆምኩ። እንዴት ያለ ነገር ነው። ያ የሚጎትተው ነገር የለም። የእትዬ ከፈለች ድምፅ ወጥቶ ወጥቶ፣ ሌሎቹ ከታች ተሸክመውት ይሄዳሉ። ዓይኔ እርጥብ ሆነ፣ ላቡ ይመስለኛል።

ተስተካክለዋል ማለት ነው። ልፋቴ ከንቱ አልቀረም። በሩን ከፍቼ ስገባ ጋሽ አሕመዲን "መጣ" አሉ፣ ሰው ሁሉ ጉሮሮውን ጠረገ። ገብቼ ቆምኩና እንደገና ከመጀመሪያው አልነው። እንደ መጀመሪያው አልሆነም። እኔ ስኖር ትንሽ ይደነግጣሉ። አስተባባሪ መፈራቱ በመጠኑ አይከፋም፣ ቢሆንም ለበዓሉ ቀን እንዲለምዱኝ ማድረግ አለብኝ። ከነገ ጀምሮ ጮክ ብዬ ልዘፍን፣ እንዲበረታቱ።

የካቲት 13፣ ረቡዕ

ትግሉ ወንበሮቹን እየቆጠረ፣ የተሰበሩትን እየጠገነ ነው። ሥራውን ሲጨርስ በሩ ጋ ቆሞ ይሰማናል። ዛሬ ስንጨርስ አጨበጨበ። ፊቱን እንዳላይ ደብተሬን ገለጥኩ።

የፊታችን ቅዳሜ ከዞን የሙዚቃ ባለሙያ ይመጣል። ካላረካነው ከወልድያ ኪቦርድ የሚጫወት ዘፋኝ ይመጣና እኛ ቁጭ ብለን እናያለን። አላምረው ነው የነገረኝ፣ ጣሪያውን እያየ።

የካቲት 16፣ ቅዳሜ

ባለሙያው አቶ ኑሀ ይባላሉ። ትሁት ሰው ናቸው፤ ወንበር ስንሰጣቸው አመስግነው ቁመው ነው የሰሙን። ሁለቴ አስዘፈኑን። ሁለተኛው ላይ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ ጮክ አልኩ፤ በሕይወቴ እንደዚያ አልዘፈንኩም።

ሲያልቅ ዓይናቸውን ገልጠው እንዲህ አሉ፤ "አሥር ዓመት በዚህ ሥራ ቆይቻለሁ። አንድ ሰው ከዜማ ሲወጣ አይቻለሁ። ቡድን ለሁለት ሲከፈልም አይቻለሁ። አሥራ አንድ ሰው ተያይዞ ሲወጣ ግን የመጀመሪያዬ ነው። አውጪዋ ታቃናለች፣ ስትቀበሉ አንድ ላይ ትወርዳላችሁ። ማንን ነው የምትከተሉት?"

ነጃት ጫማዋን አየች። በመጨረሻ ጋሽ አሕመዲን ከበሮውን ወደ ጎን አድርገው "ሙቀቱ ነው" አሉ።

"ሙቀቱ?"

"ቆርቆሮው ሲግል ድምፅ ይሟሟል። እኛ አገር የታወቀ ነው።"

ሌሎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ የግጥሙን ወረቀት አውጥተው ማራገብ ጀመሩ። አቶ ኑሀ እያንዳንዳቸውን አዩ፣ እኔን ትንሽ ረዘም አድርገው አዩ። አንድ ሳምንት ሰጡን። እስከሚቀጥለው ቅዳሜ በስልክ ቀድተን በቴሌግራም ካልላክንላቸው፣ ወይም ልከን ካልተስተካከለ፣ የኪቦርዱ ሰው ይመጣል።

ማንን ነው የሚከተሉት? ማወቅ አለብኝ። ትግሉን በከንቱ ነው ያስወጣሁት ማለት ነው።

የካቲት 17፣ እሑድ

ዛሬ ተጨማሪ ልምምድ ጠራሁ። ሁሉም መጡ፣ በእሑድ። ለማንም ሳልነግር ስልኬን መቅጃው ላይ አድርጌ የሸሚዜ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። ጥፋተኛው ዛሬ ይያዛል አልኩ።

ቤት ገብቼ ከፈትኩት። አንድ የማላውቀው ሰው አለ። ድምፁ ከሁሉም ይጮኻል። ስንኙ ወደ ላይ ሲሄድ እሱ ወደ ጎን ይሄዳል፣ ሌሎቹ ትንሽ ያመነታሉና ትተውት እንዳይቀሩ ይመስል ተከትለውት ይሄዳሉ። አንድ ቦታ ላይ ጋሽ አሕመዲን ሊያቃኑት ሞክረው ሲተዉት ይሰማል። ሦስት ጊዜ ሰማሁት። የባዮሎጂው አይደለም። የቢሮዎቹም አይደሉም። ትግሉ ደግሞ አልነበረም።

አከራዬ እማማ ታንጉት ግቢው ውስጥ ማሽላ እየለቀሙ ነበር። ይህችን ከተማ እሳቸውን የሚያህል የሚያውቃት የለምና ስልኩን ወስጄ አሰማኋቸው። "እማማ፣ ይሄ የሚጮኸው ማን እንደሆነ ይለዩታል?"

ከሰፌዱ ላይ ቀና ሳይሉ "አንተ ነህ እንጂ ማን ይሆናል" አሉ። "በየሳምንቱ ገላህን ስትታጠብ የምሰማው ነው።"

"ሌላ ሰው ይሆናል፣ እማማ።"

"እኔስ ሌላ ሰው ቢሆን በወደድኩ" አሉና አንዲት ጠጠር ወረወሩ።

የካቲት 18፣ ሰኞ

እኔ ነኝ።

ዛሬ ሌላ የምጽፈው የለም። አባቴ ያውቅ ነበር። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያደረጉት አዛውንት እየሳቁ ነበር።

የካቲት 19፣ ማክሰኞ

ትግሉን ሜዳው ላይ አገኘሁት፣ ልጆች እያስሮጠ። ቃላት አዘጋጅቼ ነበር፤ ስደርስ ጠፉኝ። "ከዜማ የምወጣው እኔ ነኝ። አንተን አስወጣሁህ። ይቅር በለኝ" አልኩት።

ልጆቹን አንድ ዙር ጨምሩ አላቸውና ወደ ጥላው ወሰደኝ። "አውቅ ነበር" አለ።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከመጀመሪያው ቀን። ሁላችንም።"

"ታዲያ ስከስህ ለምን ዝም አልክ? እኔ አይደለሁም፣ አንተ ነህ ብትለኝ ምን ነበረበት?"

ሳቀ። "ስትዘፍን ፊትህን አይተኸው አታውቅም፣ ይሁኔ። እኔ ለሦስት ሳምንት ወንበር ባነሳ ምን እሆናለሁ? የስፖርት መምህር ነኝ።"

ለምን ተከትለውኝ እንደሚወጡም ጠየቅሁት። ይህንን ቃል በቃል ልጻፈው። "ጋሽ አሕመዲን ናቸው። በመጀመሪያው ቀን ስንበተን፣ እንግዳ መንገድ ሲስት ብቻውን አይተውም፤ አብረን እንሂድና ቀስ ብለን አብረን እንመለስ አሉ። መሄዱን ሄድን። መመለሻው ነው የጠፋን።"

ይቅርታውን ተቀበለኝ። ነገ ወደ ሰልፉ ይመለሳል። ልቤ ግን አልቀለለም። እንግዳ ነው ያሉት። ሦስት ዓመት እዚህ ኖሬ፣ ልጆቻቸውን አስተምሬ፣ ቆቦ ውስጥ የማላውቀው ባጃጅ ነጂ ሳይኖር፣ እንግዳ። ከዜማ መውጣቴ ካሳፈረኝ ይልቅ ይሄ አመመኝ።

የካቲት 21፣ ሐሙስ

ትናንትና ዛሬ ልምምድ አልሄድኩም። ፈተና አርማለሁ አልኩ። የማርመው ፈተና ካለቀ ሳምንት ሆኖታል።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መምህራን ክፍል ብቻዬን ቁጭ ብዬ ሳለሁ ጋሽ አሕመዲን ገቡ። ቁጭ አሉ። "ምነዋ መምህር፣ አሞሃል?"

"ደህና ነኝ።"

"ዘፈኑ ያለ አንተ አይቆምም።"

"ያለ እኔ ነው የሚቆመው፣ ጋሽዬ። እርስዎም ያውቁታል።"

ሌላውን ልዋጠው ነበር፣ አልቻልኩም፤ ወጣ። "ያልነገራችሁኝ እንግዳ ስለሆንኩ ነው። የቤት ሰው ብሆን ኖሮ በመጀመሪያው ቀን ዝም በል ትሉኝ ነበር።"

ጋሽ አሕመዲን ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉት። "እሱስ እውነትህን ነው" አሉ። "አጥፍተናል። የገዛ ልጄ ቢሆን በሁለተኛው ስንኝ አፉን ባስያዝኩት ነበር።" ቀና ብለው አዩኝ። "እንግዲያው ዛሬ ልንገርህ። ድምፅህ መጥፎ ነው፣ ወላሂ። በጣም መጥፎ ነው። ስለ ጀሊሉ ብለህ ዝም በል።"

በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ሳቅኩ፣ እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ ክንዴን ይዘው "አሁን ተነስ፣ ውጭ ቁምና ስማን። ጆሮህ ደህና ነው፤ የተጣመመው ጉሮሮህ ብቻ ነው" አሉ። ተነሳሁ።

የካቲት 23፣ ቅዳሜ

እኔ በሩ ጋ ቆሜ ስልኩን ያዝኩ፤ እነሱ ዘፈኑ። አሥራ አንዱም፣ ትግሉ ጭምር። ዜማው ቀና ብሎ ይሄዳል፣ ማንም አይወርድም። የትግሉ ድምፅ ምን ያህል ንጹሕ እንደሆነ ዛሬ ነው የሰማሁት፤ አፈርኩ። አባቴ ጧፉን ከፍ አርገህ ያዝ ያለኝ ትዝ አለኝና ስልኩን ከፍ አደረግሁት። በዚህ ሥራ እንኳ ጎበዝ ነኝ።

ደስ ብሎኛል። ከፍቶኛልም። ሁለቱም እውነት ናቸው።

አቶ ኑሀ በአንድ ሰዓት ውስጥ መለሱ፦ "ሙቀቱ በረደ ማለት ነው። ተቀብያለሁ።"

የካቲት 27፣ ረቡዕ

ሩጫ ነው። ድንኳን። የድምፅ ማጉያ። ወንበሮቹን ከትግሉ ተረክቤ የምደረድረው እኔ ነኝ፣ ይገባኛል። እትዬ ከፈለች በሰልፉ አሰላለፍ ላይ የሆነ ነገር ከነጃት ጋር ስታወራ ስመጣ ዝም አለች። አሁን ደግሞ ምን አጠፋሁ?

መጋቢት 1፣ እሑድ

ነገ ሁለቱም ጾም ይገባሉ። ዛሬ ከተማው ሁሉ እየበላ ነው። እኔ ሳልረሳው የትናንቱን ልጻፍ።

ሰማዩ ደመና ነበር። ከዞብል ተራራ በኩል ጠዋት የጀመረው ነፋስ ቀኑን ሙሉ አልቆመም፤ የድንኳኑን ሸራ ሁለት ጊዜ ገልብጦብን እኔና ከበደ እየሮጥን አሰርነው። ከቆቦም፣ ከሮቢትም፣ ከጎብዬም የቀድሞ ተማሪዎች መጡ፤ ፀጉራቸው የሸበተ ሰዎች የድሮ ክፍላቸውን በመስኮት ያያሉ። እማማ ታንጉት ነጭ ለብሰው ፊት ለፊት ተቀመጡ። እኔ የወንበሮቹ ጥግ ላይ ቆምኩ።

ኅብረ ዝማሬው ወጣ። አሥራ አንድ ሰው በአንድ ረድፍ። ወዲያው አንድ ነገር አየሁና ተናደድኩ፤ በትግሉና በጋሽ አሕመዲን መካከል ክፍት ቦታ ትተዋል፣ አንድ ሰው የሚያህል። ሰልፍ እንደዚያ አይቆምም፣ ስንት ቀን ነው የለፋሁት። በእጄ ተጠጋጉ እያልኩ ምልክት ሰጠኋቸው። ትግሉ አየኝ፣ አልተጠጋም። ጋሽ አሕመዲን አዩኝ፣ ከበሮውን መቱ።

የመጀመሪያው ስንኝ ሲወጣ ሰው ዝም አለ። ሁለተኛው ላይ ከኋላ አንዲት ሴት ማልቀስ ጀመረች። ሦስተኛው ላይ ሁሉም ያጨበጭብ ነበር። አንድም ሰው ከዜማ አልወጣም። ሰዓቴን አየሁ፣ ሦስት ደቂቃ ተኩል። አለቀ አልኩ፤ አሁን እጅ ነስተው ይወርዳሉ።

አልወረዱም። እትዬ ከፈለች እጇን ወደ ወንበሮቹ ጥግ ዘረጋች። በእርሳስ የሰረዝኩባት ስንኝ ነበረች፣ ቃሉን ብቻ ለውጣዋለች።

ዓባይን ተሻግሮ የመጣው ልጃችን፣
ግባና ተሰለፍ፣ አትቁም ከደጃችን።

ሰው ሁሉ ዞረ። እኔ እጄን አወዛወዝኩ፣ ተዉ፣ ጊዜው አልቋል። እሷ ደገመችው። ከውጭ የቆመ ሰው እያለ አትዘጋውም፤ እስከ ማታ ብትደግመውም አትዘጋውም። እማማ ታንጉት ዞረው "ሂድ እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ" አሉኝ።

ሄድኩ። ክፍቱ ቦታ ልክ የእኔን ትከሻ የሚያህል ነበር። ለጋሽ አሕመዲን በጆሯቸው "ዝም በል ብለውኝ የለም እንዴ?" አልኳቸው። "ሦስት ስንኝ ዝም ብለሃል፣ ይበቃሃል" አሉ። "ይቺ ያንተ ናት። ድምፅህን አውጣ።"

መጀመሪያ አፌን ብቻ ላንቀሳቅስ ሞከርኩ፤ ትግሉ በክርኑ ጎሸመኝ። አወጣሁት። አሁን ድምፄን አውቀዋለሁ፣ ወዴት እንደሚሄድ ሰማሁት፤ ወደ ጎን ሄደ፣ ልመልሰው አልቻልኩም። አሥራ አንዱም እየሳቁ አብረውኝ ሄዱ። የሚያጨበጭበው ሕዝብም ዜማው እንደዚያ የሚሄድ መስሎት ተከተለን። የቆቦ ሰው በሙሉ፣ ከነሽማግሌው፣ ከዜማ ወጥቶ ዘፈነ። እኔ አለቀስኩ፤ ይህንን ላብ ነው አልልም።

ስንወርድ አቶ ኑሀ ጠበቁን። "ሦስቱ ስንኝ እንዴት ጥሩ ነበር" አሉ። "መጨረሻው ላይ ምን ነካችሁ?"

ጋሽ አሕመዲን ኮፍያቸው በነፋስ እንዳይበር በአንድ እጃቸው ይዘው፣ ደመናውን ቀና ብለው አዩት።

"ሙቀቱ ነው" አሉ።

ሁሉም የግጥሙን ወረቀት አውጥተው ማራገብ ጀመሩ። እኔም የራሴን አወጣሁ።